እግሬ ፍሪሲዮን እስኪደርስ

አባቴን ሰፈሩ በሙሉ «እጅህን» እያለ ነበር የሚጠራው። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት እናቴና መታወቂያው ብቻ ይመስሉኝ ነበር። መኪና መንዳት ያስተምር ስለነበር ቀኑን ሙሉ ከአፉ የማይጠፋው ቃል እሱ ነው። ተማሪው ማርሽ ቀይሮ ሲያበቃ እጁን እዚያው ዘንጉ ላይ ረስቶት ከቀረ፣ አባዬ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ «እጅህን!» ይላል። ሴት ከሆነች «እጅሽን!» ነው። በዕድሜ የገፉ ከሆኑ «እጅዎን፣ አባቴ።» ቁጣ የለበትም፤ ቀልድም የለበትም።

ከትምህርት ቤት ስወጣ እናቴ ገና ከምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት አትመለስም። ስለዚህ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ከተማሪዎቹ ጋር ስዞር አመሻለሁ። መኪናችን ትንሽ ናት። ሰማያዊ ቀለሟን ፀሐይ በልቶታል፤ ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ ተሸክማለች። ውስጧ ቤንዚን፣ የላስቲክ ምንጣፍና ፍርሃት ይሸታል። ፍርሃት ሽታ እንዳለው ያወቅሁት እዚያ ነው፤ የረጠበ ጋዜጣ ዓይነት ነው።

ከተማሪዎቹ ሁሉ የምወደው ዳቦ ጋጋሪውን ነበር። አንድ ክንዱ የእኔን ወገብ ያህላል። ማርሹን ከቀየረ በኋላ እጁን እንደ ከረጢት ጥሎበት ይቀራል።

«እጅህን!»

«ኧረ መምህር፣ ምን አደረግኩት? አሳረፍኩት እንጂ አልነካሁም።»

«ያረፈ መስሎሃል። ከታች ካምቢዮው ውስጥ ጥርሶቹን የሚገፋ ሹካ አለ። አንተ እዚህ ተደግፈህ ስትዝናና እሱ እዚያ ይፋተጋል። ሳታውቀው ሲበላ ሲበላ ይቆይና አንድ ቀን ዳገት መሀል ማርሹ ራሱ ዘሎ ይወጣብሃል።»

«አሁን ሹካ ስትለኝ ራበኝ።»

«እጅህን አልኩ!»

ከዚያ አባዬ ከጎን ወንበር ሆኖ በግራ እጁ ያሳየዋል። ማርሽ አይጨበጥም። መዳፍ ይከፈታል፤ ወደ ፊት በመዳፍ ይገፋል፣ ወደ ኋላ በጣቶች ይሳባል፣ እጅም ሥራውን ጨርሶ ወደ መሪው ይመለሳል። «ሊጥ አይደለም፣ አትጨፍልቀው። ልጅ ስታስተኛ በር እንደምትዘጋው ነው።» ዳቦ ጋጋሪው ልጅ አልነበረውም፤ ግን ገባው መሰለኝ፣ ለጥቂት ጊዜ እጁ ቀለል ይላል።

«እኔንስ መቼ ነው የምታስተምረኝ?» እለዋለሁ ተማሪው ሲወርድ።

«እግርሽ ፍሪሲዮን ሲደርስ።»

ይህ ቃል ኪዳናችን ነበር። መኪናዋ ቆማ ሳለ የሾፌሩ ወንበር ላይ እወጣለሁ፣ ጀርባዬን አስደግፋለሁ፣ ግራ እግሬን እዘረጋለሁ። አባዬ በሩን ከፍቶ ይንበረከክና በጫማዬ ሶልና በፔዳሉ መሀል ያለውን ክፍተት በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ይለካዋል። የሚለካው ከልቡ ነው። ከዚያ ሁለቱን ጣቶች እንዳራራቀ ብርሃን ላይ ያያቸዋል።

«ገና ነው። ግን እየመጣ ነው።»

በዚያን ጊዜ እየለካ የነበረው የእኔን እግር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ካደግሁ በኋላ በጣም የሚታወሰኝ ቀኝ እጁ ነው። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል ያለው ሥጋ ጎድጎድ ብሎ ነበር። ተያይዘን ስንሄድ አውራ ጣቴን እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ አሳርፋለሁ። ልክክ ይላል። የሌሎች ልጆች አባቶች እጅ እንደዚህ ማረፊያ እንደሌለው አውቅ ነበር፤ እጁ ለእኔ ሲባል እንደዚያ የተሠራ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

መኪናችንን የሚጠግነው መካኒክ አጭርና ደንዳና ስለነበር «ብሎን» ይሉታል። ፊት ለፊት እንዲያ ሲጠራው የማይቆጣው አባዬን ብቻ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ጋራዡ ውስጥ አቁመን ገባን። ወለሉ በዘይት ጠቁሯል፤ ጥግ ላይ ብየዳው ይንጣጣል። ብሎን እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«የማርሹን ዘንግ አስረዝምልኝ» አለው አባዬ።

«እስቲ ድገመው።»

«አስረዝምልኝ።»

«ጉድ ነው! ጎረምሳው ሁሉ ‹አሳጥርልኝ፣ አጭር ሲሆን ቶሎ ይገባል› እያለ ይጨቀጭቀኛል። ያ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የምታየው ሁሉ የተቆረጠ ዘንግ ነው። አንተ ደግሞ ቀጥልልኝ ትለኛለህ። ምን ያህል?»

አባዬ ከዘንጉ ጫፍ በላይ አየር ላይ መዳፉን ዘረጋ።

«የአውቶቡስ ሊሆን እኮ ነው።»

«ይሁና።»

«ለምኑ ነው ግን?»

አባዬ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ጎማ ላይ ተቀምጬ እግሬን እያወዛወዝኩ ነበር። «ለልጅቷ ነው» አለ። «እንድትደርስበት።»

ብሎን እኔን አየ። ከዚያ አባዬን አየ። ከዚያ የአባዬን ቀኝ እጅ አየ፤ አባዬም ቀስ ብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ብየዳው ጸጥ ብሎ ስለነበር ጋራዡ ውስጥ ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማኝ ነበር።

«ለልጅቷ ከሆነማ» አለ ብሎን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሾፌሯ! ነይ ነይ፣ ሥራውን ቆመሽ አሠሪ።»

በዚያ ቀን ከእኔ በላይ የኮራ ሰው አልነበረም። ረጅም ዘንግ ከአጭሩ ይልቅ ጥቂት ጉልበት እንደሚበቃው የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ድንጋይ የሚያነሳ ዘንግ ሣለ፣ ከሥሩ ድጋፍ አደረገ፣ «እጃችሁ ከድጋፉ በራቀ ቁጥር ሥራው ይቀላል» አለ። ብዕሬን አስቀመጥኩ። ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ አሞሽ ነው ወይ አለችኝ።

ከዘንጉ ቀጥሎ የተለወጠው አናቱ ላይ ያለው መጨበጫ ነው። ክብ የነበረው ጥቁር ላስቲክ ወጣና ጎረቤታችን አናጢው የጠረበው ሰፊ እንጨት ተተካ። ወርዱ መዳፍ ሙሉ ነው፤ ከላይ ለጥ ይልና ከጎኑ ያብጣል። ዳቦ ጋጋሪው ገና ሲያየው ስም አወጣለት።

«መምህር፣ ይሄን ድንች ቀቅለን ብንበላውስ?»

ከዚያ ወዲህ ለተማሪው ሁሉ «ድንቹ» ሆነ። እኔ በየሳምንቱ ዘይት እቀባው ነበር። የእኔ እንዲሆን ነው የማሰማምረው። ቀጥሎ ብሎን ዘንጉን በእሳት አግሎ ወደ መሪው በኩል ጎንበስ አደረገው። ቀጥሎ ድንቹ ላይ የቆዳ ማንገቻ ተመታ፤ እጅ ሾልኮ የሚገባበት። እጄን ሳስገባበት እንደ አምባር ሆነኝ። መኪናዋ ቀስ በቀስ ወደ እኔ እየመጣች ነው አልኩ። ዘንጉ ይረዝማል፣ ይጠጋል፣ ማንገቻ ያወጣል፤ የቀረው የእኔ እግር ብቻ ነው። ስተኛ ቁርጭምጭሚቴን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ታች እጎትት ነበር፣ ቶሎ እንዲረዝምልኝ።

ተማሪዎቹ አንዳቸውም አላወቁም። ከጎን ወንበር ሆኖ የሚያስተምር ሰው ለማርሹ የሚቀርበው በግራ እጁ ነው፤ ግራው ደግሞ ያኔ ገና ደህና ነበር። ቀኝ እጁ የሚጋለጠው የመጨረሻው ተማሪ ወርዶ አባዬ የራሱን ወንበር ሲይዝ፣ ወደ ቤት ስንሄድ ብቻ ነው። ያን መንገድ የምናውቀው ደግሞ እኔና እሱ ብቻ ነን። እኔ ደግሞ ከፊት ተቀምጬ አፌ እንደተከፈተ ነው፤ ስለ ትምህርት ቤት አወራለሁ እንጂ እጁን አላይም።

አንድ ቀን ስፌት ቤቱ በር ላይ እናቴ ቆማ ጠበቀችን።

እናቴ መኪና አትወድም። ያጥወለውላታል። ሙሽራ ሆና እንኳ በእግሬ ካልሄድኩ ብላለች ብሎ አባዬ ይቀልድባታል። ሁልጊዜ ከሥራ በእግሯ ነው የምትመጣው። ያን ቀን ግን በሩን ከፈተችና፣ «አንቺ ወደ ኋላ እለፊ» አለችኝ።

«የእኔ ቦታ እኮ ነው!»

«እለፊ አልኩሽ።»

ወደ አባዬ አየሁ። መሪውን እያየ ነበር።

እናቴ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን እግሯ ሥር አደረገች፣ ክር የተጣበቀበት ግራ እጇን አንስታ ድንቹ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ አላነሳችውም። እስከ ቤታችን ድረስ አላነሳችውም! አባዬ አንዲት ቃል አልተናገራትም። አልፎ አልፎ ብቻ ምላሱን ጠቅ ያደርጋል፤ በዚያች ቅጽበት እናቴ ዘንጉን ትገፋለች ወይም ትስባለች፣ መኪናዋም ድምፅ ትለውጣለች። ጠቅ፣ ትገፋለች። ጠቅ፣ ትስባለች። ሁለቱም ወደ ፊት ያያሉ፤ አይነጋገሩም። የባልና የሚስት ጨዋታ ነው፣ እኔን የማያስገባ፣ አልኩ በልቤ።

በማግስቱም እንደዚያው። በየቀኑ እንደዚያው ሆነ። ዓለም በሙሉ «እጅህን» ይባላል፤ ሽማግሌ ይባላል፣ ዳቦ ጋጋሪ ይባላል፤ እናቴ አትባልም። ይህ ግፍ እንቅልፍ ነሣኝ። እማዬ ሕጉን አታውቅም፣ አባዬም ሊያሳፍራት አልፈለገም፣ ካምቢዮው ግን ከሥር እየተበላ ነው። አንድ ሰው መናገር ነበረበት።

ወደ ቤታችን የሚያስገባው መንገድ ዳገት ነው። ቀጥ ያለ ሆኖ በግራና በቀኙ ሱቆች ተደርድረዋል፤ ከበስተኋላ ሁልጊዜ የጭነት መኪና አይጠፋም። ግማሹን ወጥተን ሞተሩ ማቃሰት ሲጀምር፣ ከሁለቱ ወንበሮች መሀል አንገቴን አስገባሁና በአባዬ ድምፅ ጮህኩ።

«እማዬ፣ እጅሽን!»

እናቴ እሳት እንደነካት ሁሉ እጇን መነጨቀችው።

ጠቅ።

ማንም አልነካውም። ጠቅ፣ አለ አባዬ እንደገና። ከዚያ የራሱ ቀኝ እጅ ከጭኑ ላይ ተነሣ። ቀስ ብሎ ነው የተነሣው፣ ከውሃ ውስጥ የሚወጣ ነገር ይመስል። ድንቹን ነካው፤ ማንገቻው ውስጥ ሊገባ ሞከረና ተንሸራቶ ወደቀ። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ ጠፋች፣ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ከኋላችን ያለው ጥሩምባውን ለቀቀው። አባዬ ፍሬኑን ረገጠ፤ እናቴ በሁለት እጇ የእጅ ፍሬኑን ሳበችው። ቆምን።

«አየህ?» አልኩ። «መንዳት ስለማትችል ነው!»

አባዬ ሳቀ። ሳቁ ረዘመ። «ልክ ነሽ፣ ሾፌሯ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለእናትሽ ሕጉን አልነገርኳትም።» እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትከሻዋ ይርገፈገፍ ነበር። እሷም የምትስቅ መስሎኝ ነበር።

ሞተሩን አስነሣ፤ ጠቅ አለ፤ እናቴ አንደኛ ማርሽ አስገባች፤ ዳገቱን ወጣን። ጫፉ ላይ እንደደረስን ዳር ይዞ አቆመ።

«ይብቃ» አለች እናቴ።

«ትንሽ ነው የቀራት። እግሯን አይተሽዋል? ጫፉ እኮ ሊነካ ነው።»

«ልጅቷ ኋላ ተቀምጣለች።»

«ስለ እሷ እኮ ነው የማወራው።»

«እኔም ስለ እሷ ነው። ኋላ ተቀምጣለች ነው የምልህ።»

ቁልፉ ከመሪው በስተቀኝ ነበር። አባዬ ግራ እጁን በመሪው ላይ አሻግሮ ነቀለው፣ ጥቂት ጊዜ መዳፉ ውስጥ ያዘው፣ ከዚያ እናቴ ቀሚስ ላይ አስቀመጠው። ወርዶ በሩን ዘጋ። መኪናዋን እዚያው ጥለናት በእግራችን ሄድን፤ ማምሻውን ብሎን አመጣልን። እኔ የአባዬን እጅ ይዤ አውራ ጣቴን ጎድጓዳው ውስጥ አሳርፌ ነበር። እናቴ በሌላ በኩል ትሄዳለች፤ ቁልፉን በጡጫዋ ጨብጣዋለች። ቀማችው፣ አልኩ። አባዬን መኪናውን ቀማችው።

ለልጅ ይህ ለመረዳት የሚከብድ ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ሐሳቤን የሚያጸና ነው። «ለማጅ» የሚለው ሰሌዳ ከጣሪያው ላይ ወረደ። ዳቦ ጋጋሪው መጥቶ ከአባዬ ጋር በረንዳ ላይ ቁጭ አለ፤ አልቀለደም፤ ሲወጣ ትኩስ ዳቦ ትቶ ሄደ። በሰንበት ደግሞ ሦስታችን ከከተማው ዳር ወዳለው ባዶ ሜዳ እንሄዳለን፤ ብሎን ያደርሰናል፣ አባዬ ከጎን ይቀመጣል፣ እናቴ መሪ ትይዛለች። ጥቂት ትነዳለች፤ ታቆማለች፤ በሩን ከፍታ ወርዳ ታስመልሳለች፤ አፏን ጠርጋ ትመለሳለች።

«ይብቃሽ ዛሬ» ይላታል አባዬ።

«አንዴ ልድገመው።»

ስግብግብ ናት አልኩ። እያስመለሳት እንኳ አትለቅም።

ሐኪሞቹ የአባዬን ሕመም ስም የሰጡት ቀድሞ ነው፤ ዘንጉ ከመርዘሙ በፊት። ከእጅ ጀምሮ ወደ ሌላው የሚሄድ፣ የማይመለስ ዓይነት መሆኑንም ነግረውታል። ያወቁት እናቴና ብሎን ብቻ ነበሩ። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቅንጥብጣቢውን፣ ዓመታት እያሳለፈች፤ አትክልት እየከተፈች፣ ልብስ እየተኮሰች። አንድ ቀን፣ «መንዳት ለምን ተማርሽ፣ እንደዚያ እየጠላሽው?» ብዬ ጠየቅኋት። «አባትሽ ነዋ» አለች፣ የካውያውን ገመድ እየጠቀለለች። «‹እኔ ካልደረስኩ የሚያስተምራት ሰው ከእኔ የሰማ ይሁን› አለኝ። ምን ልበለው?»

ከዚያ አባዬ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ መዋል ጀመረ። ድምፁም ከበደ፤ ቃላቱ ጥጥ እንደጎረሰ ሰው ሆኑ። አንድ ከሰዓት በኋላ ብሎን መጣ፤ እሱና እናቴ ደግፈው ግቢ ውስጥ የቆመችው መኪና ድረስ ወሰዱት፤ ከጎን ወንበር አስቀመጡት። እናቴ ጠራችኝ።

«ነይ ግቢ። በሾፌሩ በኩል።»

ሮጬ መጣሁ። ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ጀርባዬን ካስደገፍኩ እንደማይደርስ ስለማውቅ ቀስ ብዬ ወደ ጫፉ ተንሸራተትኩ፣ ልወድቅ እስክቃረብ፣ ግራ እግሬን ዘረጋሁ። የጫማዬ ጫፍ ፔዳሉን ነካ።

«ደረሰ! አባዬ፣ ደረሰ!»

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የሰው አቀማመጥ ሲያይ የኖረ ሰው ነው። መሪው ደረቴ ላይ ተለጥፎ፣ አገጬ ከዳሽቦርዱ በታች ወርዶ እያየኝ ነው። ዝቅ ብሎ ሊለካ አልቻለም።

«ደረሰ» አለ።

እናቴ ከኋላ ገባች፣ እኔ ሁልጊዜ በምቀመጥበት። አባዬ ጀመረ። ቃሉን ቶሎ አልሰማውም ነበር፤ እናቴ አንዳንዱን ትደግምልኛለች። ፍሪሲዮን። አንደኛ፣ በመዳፍሽ። ልቀቂ። እጅ ወደ መሪው። ፍሪሲዮን። ሁለተኛ፣ በጣቶችሽ። እጅ ወደ መሪው። ዘንጉ ረጅም፣ ወደ እኔ ያጎነበሰ፣ ለስላሳ ነበር፤ እንደ ቅቤ ይገባል። ለእኔ መሠራቱን ከዚያ በላይ ምን ያረጋግጥልኛል?

«አሁን አስነሣት!» አልኩ።

«ቤንዚን የላትም» አለ። «ነገ።»

አኮረፍኩ። ይሄማ ትምህርት አይደለም፣ የዕቃ ዕቃ ጨዋታ ነው። እንዲያውቅልኝ አራተኛ ካስገባሁ በኋላ እጄን አላነሳሁም፤ ድንቹ ላይ ጣል አድርጌ ተውኩት። ይናገረኝ፣ አልኩ። አልተናገረም። እጄን እያየ ቆየ። እናቴ ከኋላ ክንዷን በመሀላችን ሰደደችና የአባዬን ቀኝ እጅ ከጭኑ ላይ አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ምንም አይከብድም ነበር፤ ባዶ ጓንት ነበር የሚመስለው። ግቢው ውስጥ ወፍ ይንጫጫል። ብሎን በሩ ጋ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። እጁ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ለእኔ ረዘመብኝ፤ ኩርፊያዬ ገና አልወጣልኝም ነበር።

«እጅሽን» አለ አባዬ በመጨረሻ።

ይህን ቃል ጥርት አድርጎ ነው ያለው። እናቴ መድገም አላስፈለጋትም። እኔም ወዲያው፣ ልክ እሱ እንደሚወደው፣ እጄን ከሥር ስቤ ወደ መሪው መለስኩ። የእሱ እጅ ድንቹን ነክቶ ወንበሩ ላይ ወደቀ።

«ጎበዝ» አለኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እናቴ ቁልፉን አዙራ መኪናዋን በአንድ ጊዜ አስነሣቻት፤ አባዬን ሆስፒታል ልታደርስ። ቤንዚኑን ከየት አመጣችው ብዬ ተናደድኩ። አባዬ ታንከሩን ከግማሽ በታች አውርዶ የማያውቅ ሰው ነበር። ያን ከሰዓት በኋላም ቤንዚን ነበራት።

ከሆስፒታል የተመለሰችው እናቴ ብቻ ናት። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። እኔ ግን ለብዙ ጊዜ ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ ያን «ነገ» የተባለውን ትምህርት። የተሰጠኝ መሆኑን አላወቅሁም ነበር።

እናቴ መኪናዋን ለዓመታት ነዳቻት። ማጥወልወሉም ተዋት። ዘንጉን አላሳጠረችም፣ ድንቹን አላስወጣችም። እጇን ግን ከላዩ አታነሳም። ቀጥ ባለ መንገድ፣ ማርሽ በማይቀየርበት ቦታ፣ ግራ እጇ መሪ ላይ፣ ቀኟ ድንቹ ላይ። አንድ ጊዜ ካምቢዮው ተበላሽቶ ብሎን ፈታው። ሹካውን አውጥቶ በጨርቅ ጠረገና ብርሃን ላይ አየው፤ አንዱ ጎኑ ስስ ሆኗል።

«ዕድሜ ነው» አለ ለእናቴ።

«ዕድሜ አይደለም» አልኩ እኔ፣ ቁመቴ ከእሱ በልጦ ነበር። «እጇን ስለምታሳርፍበት ነው።»

«አንቺ ሾፌር» አለ ብሎን፣ ሳያየኝ። «ዕድሜ ነው አልኩ።»

ዕድሜዬ ደርሶ እናቴ ስታስተምረኝ ሁሉን አባዬ እንዳለው ነው የነገረችኝ፤ በመዳፍ፣ በጣቶች፣ ወደ መሪው። «እጅሽን» ግን አንድም ቀን ብላኝ አታውቅም። እኔም አላስቸገርኳትም፤ እጄ ሕጉን ያውቅ ነበር።

ባለቤቴ ሕጉን አያውቅም ነበር። ሲነዳ እጁን ዘንጉ ላይ ይረሳል። «እጅህን» እለዋለሁ፤ ያነሣዋል፣ ከዚያ የእኔን እጅ ይይዛል። «እዚህስ ይቻላል?» ይላል። «ሹካ የለውም?» ስለ እሱ ይህን ያህል ልበል።

ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝቶ ሰነባብቶ ያለፈ ጊዜ፣ ዕቃውን ለመውሰድ ሆስፒታሉ ድረስ የሄድኩት በእሱ መኪና ነው። መነጽሩን፣ ጫማውንና አንድ ሹራብ በላስቲክ ከረጢት ሰጡኝ። እናቴ ቤት ቅሪ ብላት እምቢ ብላ አብራኝ መጥታ ነበር። አርጅታለች፤ የወንበሩን ቀበቶ እኔ ነኝ የማስርላት። ከረጢቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ያዘችው።

ረፋድ ነበር፤ መንገዱ ጭር ብሏል። አራተኛ አስገብቼ ብዙ ተጓዝን። የባለቤቴ መኪና ዘንግ አጭር ነው፤ ራሱ ላይ የቁጥሮቹ ምልክት በእሱ መዳፍ ጠፍቷል። ከጊዜ በኋላ ወደ ታች ሳይ እጄ እዚያ ላይ ነው። መቼ እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። ደንግጬ ላነሳው ስል እናቴ አንድ እጇን ከከረጢቱ ላይ አንስታ በእጄ ላይ አደረገች።

«እኔ እኮ» አለች፣ መንገዱን እያየች፣ «እጄን የማላነሳው አባትሽ ‹ጠቅ› የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ስጠብቅ ነው።»

ሞተሩ ባንድ ድምፅ ይሄዳል።

«ተዪው፣ ይቆይ» አለች። «ካምቢዮ ይጠገናል።»